የታሰረ አየር ጉልበት



አየር አይታይም፤ አይጨበጥም፤ ሚዛን ላይ አስቀምጦ የሚሸጠውም የለም። ይህ የማይጨበጥ ነገር በብረት ዕቃ ውስጥ ታምቆ ሲታሰር ግን ሁለት መቶ ኩንታል የጫነ መኪና ቁልቁለት ላይ ያቆማል፤ አለት ይሰረስራል፤ ከታመመ ሕፃን አልጋ አጠገብ ሆኖ ትንፋሽ ይቀጥላል። አያያዙን ለማያውቅ ሰው ደግሞ ሕይወት ያጠፋል።

ከወልድያ ተነስቶ በድልብና በጋሸና አድርጎ ላሊበላ የሚገባ መንገደኛ በየከተማው ጫፍ አንድ የማያጣው ነገር አለ፤ እሱም ጎሚስታ ነው። ደጃፉ ላይ የተደረደረ አሮጌ ጎማ፣ ውስጥ በኩል ደግሞ «ዱግ ዱግ» የሚል ማሽን ይገኛል። ያ ማሽን ኮምፕሬሰር ይባላል። በላስታም ሆነ በሌላው የአገራችን ክፍል ብዙ ወጣቶች በዚህ ማሽን እንጀራቸውን ይበላሉ። ነገር ግን ከሚያሠሩት መካከል በሆዱ ውስጥ ምን እንደሚካሄድ ጠይቀው የተረዱት ስንቶቹ ናቸው? የዛሬው ጽሑፋችን ይህንን ለማብራራት የተዘጋጀ ነው። ልጆቻችሁ ጎሚስታ ባይሆኑም በአውቶብስ መሄዳቸው አይቀርምና ጉዳዩ የሁሉም ቤተሰብ ነው።

ከወናፍ እስከ ኮምፕሬሰር

የኮምፕሬሰርን አሠራር ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የቀጥቃጩን ወናፍ ማየት ይበቃል። ቀጥቃጩ የቆዳውን አፍ ከፍቶ ወደ ላይ ሲስበው አየር ይገባል፤ አፉን ዘግቶ ወደ ታች ሲጫነው ደግሞ አየሩ በቱቦው በኩል ወደ ከሰሉ ይሄዳል። እዚህ ላይ ሦስት ነገሮች አሉ፦ አየር የሚይዝ ክፍል፣ ክፍሉን የሚያሰፋና የሚያጠብ ጉልበት፣ እንዲሁም አየሩ በገባበት እንዳይመለስ የሚከለክል በር። በወናፉ ላይ በሩ የቀጥቃጩ እጅ ነው። በኮምፕሬሰር ላይ ቆዳው በብረት፣ እጁም በቫልቭ ተተክቷል። ዋናው ሐሳብ ግን አልተለወጠም።

ይህ በራሱ ጊዜ የሚከፈትና የሚዘጋ በር ረጅም ታሪክ አለው። በዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን በባግዳድ የኖሩት ሦስቱ ወንድማማቾች፣ በኑ ሙሳ የሚባሉት፣ በጻፉት የብልኃት መሣሪያዎች መጽሐፍ ውስጥ ቫልቮችን በብዙ ዓይነት መንገድ ተጠቅመዋል። ከእነርሱ በኋላ አል-ጀዘሪ የተባለው መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1206 ባጠናቀቀው መጽሐፉ ሁለት ፒስቶን ያለው የውሃ መሳቢያ ከነሥዕሉ አቅርቧል። የመንኮራኩር መሽከርከር ወደ ወዲያና ወዲህ እንቅስቃሴ ተለውጦ አንዱ ፒስቶን ውሃ ሲስብ ሌላው ይገፋል፤ ቫልቮቹም ውሃው ወደ ኋላ እንዳይመለስ ይከለክላሉ። ዘመኑ ላሊበላ ላይ ንጉሥ ላሊበላ ነገሠበት ከሚባለው ዘመን ጋር የሚገጥም መሆኑ ያስገርማል። እዚህ አለት በመሮና በመዶሻ ሲፈለፈል፣ በዲያርበኪር ከተማ ደግሞ የዛሬው የፒስቶን ማሽን ዘመድ በወረቀት ላይ ይሣል ነበር ማለት ነው።

አየር ሲታመቅ ምን እንደሚሆን በቁጥር ያስቀመጠው ሮበርት ቦይል የተባለው ሊቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1662 ባወጣው ሕግ መሠረት ሙቀቱ ሳይለወጥ የአየር ይዘት በግማሽ ሲያንስ ግፊቱ እጥፍ ይሆናል። ይዘቱ ወደ አንድ አራተኛ ከወረደ ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ኮምፕሬሰር የሚሠራው ይህንኑ ነው።

አየሩን ተከትለን እንግባ

የማሽኑን ክፍሎች ስማቸውን ብቻ ከመሸምደድ ይልቅ አየሩ የሚሄድበትን መንገድ ተከትሎ ማየት ይሻላል።

አየሩ መጀመሪያ የሚያገኘው ፊልትሮውን ነው። ይህ አቧራ ማጣሪያ ነው። በበጋ ወራት የላስታ መንገድ አቧራ ምን ያህል እንደሆነ ለአንባብያን መንገር አያስፈልግም። ፊልትሮው ከተደፈነ ማሽኑ አየር ያጥረዋል፤ ከነጭራሹ ከተነሳ ደግሞ አቧራው ከዘይት ጋር ተለውሶ እንደ ሞረድ ብረቱን ይበላዋል።

ከፊልትሮው ቀጥሎ አየሩ በመግቢያ ቫልቭ አድርጎ ወደ ሲሊንደሩ ይገባል። ቫልቩ ስስ የብረት ምላስ ነው። ፒስቶኑ ወደ ታች ሲወርድ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው ያንሳል፤ ስለዚህ የውጭው አየር ምላሱን ገፍቶ ይገባል። ፒስቶኑ ተመልሶ ሲወጣ ግፊቱ ስለሚጨምር የመግቢያው ምላስ ይዘጋል። ግፊቱ ታንከሩ ውስጥ ካለው ሲበልጥ ደግሞ የመውጫው ምላስ ይከፈትና አየሩ ይወጣል። ይህ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ብዙ መቶ ጊዜ ይደጋገማል።

ፒስቶኑን የሚያንቀሳቅሰው ማነው? ዲናሞው በቺንጋ አማካይነት ትልቁን ፑሌጃ ያሽከረክራል፤ ፑሌጃው ክራንክ ሻፍቱን ያዞራል፤ ክራንክ ሻፍቱ ደግሞ ቤላ በሚባለው ክንድ ፒስቶኑን ወደ ላይና ወደ ታች ይነዳል። መብራት በሌለበት ቦታ በዲናሞው ፋንታ የቤንዚን ወይም የናፍጣ ሞተር ይገባል። ትልቁ ፑሌጃ እንደ ማራገቢያ የተሠራ ክንፍ ያለው መሆኑን ልብ ብላችሁ ይሆናል። ለጌጥ አይደለም፤ ሲሲሊንደሩን በነፋስ ለማቀዝቀዝ ነው። የሲሊንደሩ አካል ላይ ያሉት ቀጫጭን ሽንሽኖችም ሥራቸው ሙቀት ማስወጣት ነው።

ፒስቶኑ ወገብ ላይ የሚታሰሩት ቀለበቶች፣ ጋራዥ ውስጥ ፋሻ የሚባሉት፣ ሁለት ሥራ አላቸው። የታመቀው አየር ወደ ታች እንዳያመልጥ ይዘጋሉ፤ ከታች ያለው ዘይትም ወደ ላይ እንዳይወጣ ይጠርጋሉ። ማሽኑ ሳያቋርጥ እየሠራ ታንከሩ የማይሞላ ከሆነ፣ ወይም ከቱቦው የሚወጣው አየር ዘይት ዘይት የሚሸት ከሆነ፣ ከሚጠረጠሩት አንዱ ፋሻ ነው።

አየሩ ከሲሊንደሩ ሲወጣ በጣም ግሏል። የብስክሌት መንፊያ የተጠቀመ ልጅ ሁሉ የመንፊያው ጫፍ እንደሚሞቅ ያውቃል። በኮምፕሬሰር ላይ ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ አልፎ ይሄዳል። ስለዚህ ከቴስታታው እስከ ታንከሩ ያለችው የመዳብ ቱቦ እጅ የማይነካት ናት። በቱቦዋ መጨረሻ ላይ አየሩ ከታንከሩ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክል ሌላ ቫልቭ አለ።

ከዚያ ታንከሩ ይመጣል። የታንከሩ ጥቅም እንደ ውሃ ጋን ነው፤ ቀስ ብሎ የተቀዳው ተጠራቅሞ ሲያስፈልግ ባንዴ ይወጣል። ታንከሩ ላይ ወይም አጠገቡ አራት ነገሮች ይገኛሉ። የመጀመሪያው ግፊቱን የሚያሳየው ሰዓት ነው። ሁለተኛው ግፊቱ የተወሰነለት ደረጃ ሲደርስ፣ ለምሳሌ 8 ባር፣ ዲናሞውን የሚያጠፋውና ግፊቱ ሲወርድ መልሶ የሚያበራው አውቶማቲክ ማጥፊያ ነው። ማሽኑ ሲቆም «ጢሽ» የሚል ድምፅ የሚሰማው በመዳቡ ቱቦ ውስጥ የቀረውን አየር ይህ ዕቃ ስለሚለቀው ነው። ያ አየር ባይለቀቅ ኖሮ ዲናሞው ሲነሳ የታመቀ አየር ይገጥመውና ጉልበት ያንሰዋል፤ ሊቃጠልም ይችላል። የ«ጢሽ» ድምፁ ሳያቋርጥ ከቀጠለ ደግሞ አየር እንዳይመለስ የሚከለክለው ቫልቭ መበላሸቱን ያመለክታል። ሦስተኛው ሴፍቲ ቫልቭ ነው። አራተኛው ከታንከሩ ሥር ያለችው የውሃ ማፍሰሻ ናት። ስለ ሁለቱ የመጨረሻዎች ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

የላስታ አየር ለምን ሳሳ?

ላሊበላ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ጋሸና ከእርሷም ትበልጣለች። የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ጫፍ ከ4200 ሜትር ያልፋል። ከላያችን ያለው አየር ከፍ ባልን ቁጥር ስለሚያንስ ላሊበላ ላይ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ፣ ለምሳሌ በጅቡቲ፣ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። እናቶቻችን ይህን በማጀት ያውቁታል፤ በደጋ ንፍሮ ቶሎ አይበስልም። ምክንያቱም ውሃው በ100 ዲግሪ መፍላቱ ቀርቶ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል።

ኮምፕሬሰሩም የሚቸገረው በዚሁ ምክንያት ነው። እስቲ በቀላል ሂሳብ እንየው። 200 ሊትር የሚይዝ ታንከር በሰዓቱ ላይ 8 ባር እስኪያሳይ ለመሙላት በባሕር ዳርቻ 1600 ሊትር ያህል የውጭ አየር ያስፈልጋል። ላሊበላ ላይ አየሩ የሳሳ ስለሆነ ለዚያው ሥራ 2100 ሊትር ያህል መሳብ ያሻል። ማሽኑ በደቂቃ 100 ሊትር የሚያስገባ ቢሆን በጅቡቲ በ16 ደቂቃ የሚሞላው ታንከር እኛ ጋ 21 ደቂቃ ይፈጅበታል። ይህ ማሽኑ ሰንፎ አይደለም። ማሽኑ ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚሠራ፣ የሳሳ አየርም በደንብ ስለማያቀዘቅዝ፣ ሙቀቱ ይጨምራል። የሚነዳው የናፍጣ ወይም የቤንዚን ሞተር ከሆነ ደግሞ ሞተሩ ራሱ አየር ስለሚያጥረው ጉልበቱ ይቀንሳል።

ስለዚህ መርካቶ ሄዶ ኮምፕሬሰር የሚገዛ የደጋ ሰው ማሽኑ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር እንዳለ ማመን የለበትም። ያ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ለዝቅተኛ ቦታ የተሰላ ነው። ለቆላ ከሚበቃው አንድ ደረጃ ከፍ ያለውን መምረጥ፣ ማሽኑንም ግድግዳ ሥር ሳይወትፉ ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ ማስቀመጥ፣ በየመካከሉም ማሳረፍ ይገባል።

ውሃው፣ ዝገቱና የተደፈነው በር

አየር ውስጥ እንፋሎት አለ። ማሽኑ ብዙ አየር ወደ ጠባብ ቦታ ሲያምቅና ያ አየር ታንከሩ ውስጥ ሲበርድ እንፋሎቱ ውሃ ሆኖ ከታች ይጠራቀማል። በተለይ በሐምሌና በነሐሴ፣ ጉሙ ከደጋው በማይለቅበት ጊዜ፣ የሚጠራቀመው ብዙ ነው። በየቀኑ ማታ ማፍሰሻዋን ከፍቶ ያን ውሃ ማስወጣት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ያላፈሰሰ ሰው ታንከሩን ከውስጥ በዝገት ያስበላል። ዝገቱ ደግሞ ከውጭ አይታይም። ውጪው አዲስ ቀለም ተቀብቶ የሚያብረቀርቅ ታንከር ከሥሩ እንደ ወረቀት ሳስቶ ሊሆን ይችላል።

እንዲህ ያለ ታንከር ቢፈነዳ ምን ያህል ጉልበት ይለቃል? በ8 ባር የተሞላ 200 ሊትር ታንከር ውስጥ ያለው ጉልበት አሥር ኩንታል እህል ከ10 ሜትር በላይ ወደ ሰማይ ለመወርወር የሚበቃ ነው። ያን የሚቀበለው አጠገቡ ቆሞ ጎማ የሚነፋው ወጣት ነው።

ሴፍቲ ቫልቭ የተሠራው ለዚህ ነው። አውቶማቲክ ማጥፊያው ቢበላሽና ማሽኑ አልጠፋ ቢል፣ ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ በስፕሪንግ የተያዘው ቫልቭ ራሱ ተከፍቶ አየሩን ያስወጣል። አንዳንድ ሰዎች «አየር ያባክናል» ብለው በብሎን ይደፍኑታል። ይህ በገዛ እጅ ቦምብ መሥራት ነው። የሚያፈስ ሴፍቲ ቫልቭ ይለወጣል እንጂ አይደፈንም። እንዲሁም ለሌላ ሥራ የተሠራን በርሜል ወይም የጋዝ ሲሊንደር በየዳ አያይዞ የአየር ታንከር ማድረግ፣ የሳሳ ታንከርንም ቀዳዳውን በየዳ ደፍኖ መልሶ መሙላት ከባድ አደጋ ያስከትላል። የበየዳው ሙቀት በዙሪያው ያለውን ብረት ያዳክመዋል።

አየር ራሱ የሚጎዳበት ሌላም መንገድ አለ። ማታ ከሥራ ሲወጡ በአየሩ ቱቦ ልብሳቸውን የሚያራግፉ፣ በቀልድም ጓደኛቸው ላይ የሚለቁ ልጆች አሉ። ይህ ግፊት ዓይን ያጠፋል፤ ጆሮ ይበሳል፤ በቁስል በኩል ገብቶም ለሞት ሊያደርስ ይችላል። የጭነት መኪና ጎማ ሲነፋም ቸርኬው ቀለበት ያለው ከሆነ ቀለበቱ ሊፈናጠር ስለሚችል ፊት ለፊቱ መቆም ወይም ጎማው ላይ ጎንበስ ማለት አይገባም። ረዘም ባለ ቱቦ፣ ከጎን ሆኖ መንፋት ያስፈልጋል።

መኪናው «ነፋስ እስኪሞላ»

ኮምፕሬሰር ጎሚስታ ቤት ብቻ ያለ አይምሰላችሁ። በትልልቅ አውቶብሶችና የጭነት መኪናዎች ሞተር ጎን ላይም ትንሽ ኮምፕሬሰር አለ። የነፋስ ፍሬን የሚሠራው በእርሱ ነው። ሐሳቡን በባቡር ላይ የጀመረው አሜሪካዊው ጆርጅ ዌስቲንግሀውስ እ.ኤ.አ. በ1869 ነበር። ሾፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ የሚሠራው የእግሩ ጉልበት ሳይሆን ታንከር ውስጥ የተጠራቀመው አየር ነው።

ከጋሸና አምባ በድልብ በኩል ወደ ወልድያ የሚወርደውን መንገድ የሚያውቅ ሰው የዚህ አየር ዋጋ ይገባዋል። ሾፌሩ ቁልቁለቱን ሁሉ ፍሬን እየረገጠ ከወረደ ሁለት ነገር ይደርስበታል። ኮምፕሬሰሩ ከሚሞላው ይልቅ እግሩ የሚያወጣው ይበዛና አየሩ ያልቃል፤ የፍሬኑ ሸራም በሙቀት ተቃጥሎ መያዝ ያቅተዋል። ስለዚህ ብልህ ሾፌር በከባድ ማርሽ በሞተሩ ጉልበት ይዞ ይወርዳል፤ ፍሬኑንም ለሚያስፈልግበት ጊዜ ያቆየዋል። ጠዋት ሞተር አስነስቶ ሰዓቱን እያየ ለጥቂት ደቂቃ የሚቆም ሾፌርም ሰነፍ አይደለም፤ አየር እስኪሞላ እየጠበቀ ነው። ተሳፋሪዎች «ምን ያስቆመዋል? ይንዳው እንጂ!» እያልን ስንጮህ የምንጣደፈው ወዴት እንደሆነ ማሰብ ይገባናል።

አለት ከመሰርሰር እስከ ትንፋሽ

በአውሮፓ የአልፕስ ተራራን ሰንጥቆ ፈረንሳይንና ኢጣሊያን ያገናኘው፣ ከ12 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው የባቡር ዋሻ እ.ኤ.አ. በ1871 ሲከፈት ሥራውን ያፋጠነው በታመቀ አየር የሚሠራ መሰርሰሪያ ነበር። የሚወጣው አየር ለሠራተኞቹ መተንፈሻም ሆኗቸዋል። ዛሬ በአገራችን ተራራ ለመንገድ ሲቆረጥ «ዱርርር» የሚለው መሣሪያም የሚሠራው ከኋላው በቆመ ኮምፕሬሰር ነው።

ከሁሉም በላይ ልብ የሚነካው ግን በሆስፒታል ያለው ነው። አየር ውስጥ ከአምስት እጅ አንዱ ያህል ኦክስጅን ሲሆን የቀረው በአብዛኛው ናይትሮጅን ነው። ኦክስጅን ማዘጋጃው ማሽን በውስጡ ባለች ትንሽ ኮምፕሬሰር የክፍሉን አየር ያምቅና ዜኦላይት በሚባል ጥርጥር በሚመስል ማዕድን ውስጥ ያሳልፈዋል። ማዕድኑ ናይትሮጅኑን ይይዛል፤ ኦክስጅኑ ያልፍና በቱቦ ወደ በሽተኛው አፍንጫ ይሄዳል። የሳንባ ምች የያዘውን ሕፃን በሳሳ አየር በሚኖር ሕዝብ መካከል የሚያተርፈው ይህ ነው። ይህችም ማሽን ፊልትሮዋ ካልተጠረገ ትታፈናለች፤ መብራት ሲጠፋም ትቆማለች። ጎሚስታው ቤት ውስጥ የተማረው የፊልትሮ፣ የቫልቭና የሙቀት ዕውቀት ለዚህችም የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ውድ ወላጆች፣ በጎሚስታና በጋራዥ የሚሠራ ልጅ ካላችሁ ማታ ሲመጣ ስንት ብር እንዳገኘ ከመጠየቃችሁ በፊት «ዛሬ ውሃውን አፍስሰሃል? ሴፍቲ ቫልቩ ይሠራል?» ብላችሁ ጠይቁት። እናንተም ወጣቶች፣ እጃችሁ የሚያውቀውን ነገር አእምሯችሁም ይወቀው። ፊዚክስ የክፍል ጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚቀር ትምህርት አይደለም፤ ዱግ ዱግ በሚለው ማሽን ውስጥም አለ። የማሽኑን ምክንያት የተረዳ ሠራተኛ ሲበላሽበት ይጠግነዋል፤ አደጋ ሲመጣ አስቀድሞ ያየዋል፤ ነገ ከጎሚስታነት ወደ መካኒክነት፣ ከመካኒክነትም ወደ መሐንዲስነት የሚወጣበት መሰላል በእጁ ነው።